ጢስ ዓባይ፦ መቼና በየት በኩል?

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጢስ ዓባይ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከፏፏቴው ነው፤ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ሲወረወር የሚነሣው ብናኝ ከሩቅ ጢስ ይመስላል። ውኃ ሲኖር ነው ታዲያ።

በበጋ ሄዶ «ይቺን ለማየት ነው?» የሚል ጎብኚ ብዙ ነው። ጥፋቱ የዝናብ ብቻ አይደለም። ከፏፏቴው በላይ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፤ የመጀመሪያው በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምረዋል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ የተባለው ሌላ ማመንጫ በዋሻ ከጣና ሐይቅ ራሱ ይቀዳል። ስለዚህ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሂዱ። ጥር ላይ ብዙውን ጊዜ ከገደሉ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው የሚጠብቃችሁ።

ትኬቱ የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ ስለሆነ ሳትይዙ አትውረዱ። በጀልባ መሻገር ያቀላል፤ በእግር በአላታ ድልድይ በኩል መሄድ ግን ይበልጣል። ድልድዩ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ያ ሁሉ ወንዝ እዚያ ጋ በጥቁር ድንጋይ መካከል ጠብቦ ያልፋል፤ ቦታው ለድልድይ የተመቸውም ለዚሁ ነው። እኛ ከፏፏቴው እኩል እናየዋለን።

ውኃው የሚሞላበት ወቅት መንገዱ የሚጨቀይበትም ነው፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያንሸራትታል። ነጠላና ስካርፍ የሚሸጡ ልጆች ይከተሏችኋል። ካልፈለጋችሁ ገና ከጅምሩ «አልገዛም» በሉ፤ «ስመለስ» ካላችሁ ቆመው ይጠብቃሉ።