በአዳማ «ንጹሕ የከርቤ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠውን ብልቃጥ ከመግዛታችሁ በፊት

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በከተማችን በአንዳንድ ሱቆችና በቴሌግራም ገበያዎች «መቶ በመቶ ንጹሕ የከርቤ ኢሴንሻል ኦይል» (ማለትም በእንፋሎት ተነጥሮ የወጣ መዓዛማ ዘይት) የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው፣ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ብልቃጦች ይሸጣሉ። አክስቴ ከእነዚህ አንዱን በ1,400 ብር ገዝተው መጡ። ዕቃውን በቅርበት ተመልክቼ፣ ወደ ሱቁም አብሬያቸው ሄጄ ሻጩን ካነጋገርኩ በኋላ የደረስኩበት መደምደሚያ አንድ ነው፦ ብልቃጡ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሽቶ የተጨመረበት የቅባት ዘይት ነው፤ ከዋጋውም ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዎች እንዲጠጡት እየተመከሩ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱን እናስላ። ከርቤ በሶማሌ ክልልና በቦረና ቆላማ አካባቢዎች ከሚበቅል እሾሃማ ዛፍ ልጥ እየተንጠባጠበ የሚደርቅ ሙጫ ነው። ከክብደቱ ከፍተኛው ድርሻ በውኃ የሚሟሟ ሙጫና በአልኮል የሚሟሟ ሬዚን ሲሆን፣ በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣው ተናኝ ዘይት በተለምዶ ከመቶ ከ2 እስከ 8 እጅ ብቻ ነው። በዚህ መሠረት 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ዘይት ለማግኘት፣ ሙጫው እጅግ ጥሩ ቢሆን ከ600 ግራም በላይ፣ ደካማ ቢሆን ደግሞ እስከ 2 ኪሎ ተኩል ከርቤ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንም ሰው ብልቃጡን ከመግዛቱ በፊት ጥራት ያለው ከርቤ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ከዕጣን ነጋዴዎች ይጠይቅ፤ የማንጠሪያውን ነዳጅ፣ የሠራተኛውን ድካምና የሻጩን ትርፍ ይጨምርበት፤ ከዚያም የተጠየቀውን ዋጋ ከድምሩ ጋር ያስተያይ። ብልቃጡ ከተሠራበት ሙጫ ዋጋ በታች የሚሸጥ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ሻጩ የዕቃውን እውነተኛነት ያረጋገጠልን በውኃ ነው። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ጨምሮ ሲያማስለው ውኃው እንደ ወተት ነጣ፤ «አያችሁ፣ እውነተኛ ከርቤ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለን። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን በዝርዝር ማስረዳት ይገባል። የከርቤ ፍሬ በውኃ ሲታሽ በርግጥ ይነጣል፤ ይህን በቤታችን የምናውቀው ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው በውኃ የሚሟሟው ሙጫ ሬዚኑንና ዘይቱን በውኃው ውስጥ በትኖ ይይዛቸዋል። በእንፋሎት የተነጠረ ዘይት ግን ያንን ሙጫ ፈጽሞ አልያዘም፤ ሙጫው በማንጠሪያው ውስጥ ይቀራል። ንጹሑ ዘይት በውኃ ላይ ሲንጠባጠብ ለብቻው ይሰበሰባል፤ ክብደቱ ከውኃ ጋር ስለሚቀራረብም አንዳንዱ ጠብታ ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱ ወደ ታች ይወርዳል። የተማሰለው ውኃ ሳይጠራ እንደ ወተት ነጥቶ ከቆየ፣ ዘይትን ከውኃ ጋር የሚያዋሕድ ነገር ተጨምሮበታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እንግዲህ ለሙጫው የሚሠራውን ምልክት ለዘይቱ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ገዢውን ማሳሳት ነው፤ ሻጩ ይህን አውቆ ይሁን ሳያውቅ የገዢው ጉዳት አይለወጥም።

ቤት ተመልሰን በነጭ ወረቀት ላይ ከብልቃጡ አንድ ጠብታ፣ ከጎኑም ከምግብ ዘይት አንድ ጠብታ አኖርን። በማግስቱ ሁለቱም ጠብታዎች ሰፍተው ወረቀቱን እኩል ብርሃን የሚያሳልፍ አድርገውት፣ ሲነኩም ጣት ላይ ቅባት እየተዉ አገኘናቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ «ንጹሕ ዘይት በወረቀት ላይ ምንም ምልክት አይተውም» የሚለው የተለመደ አባባል ለብርቱካንና ለሎሚ ልጣጭ ዘይት ይቀርባል እንጂ ለከርቤ አይሠራም። የከርቤ ዘይት ወፍራምና ቀስ ብሎ የሚተን በመሆኑ ቢጫማ፣ ትንሽ የሚያጣብቅ ምልክት ሊተው ይችላል፤ የሚያጣብቀው ግን ከሚያሙለጨልጨው ቅባት በቀላሉ ይለያል። ሽታውም ቢሆን ይናገራል። ከርቤ መራራ፣ ሞቅ ያለ፣ አፈርና መድኃኒት የሚያስታውስ መዓዛ ያለውና በጨርቅ ላይ እንኳ ብዙ ሰዓት የሚቆይ ሲሆን፣ የዚህ ብልቃጥ ሽታ ግን የሳሙና ዓይነት ጣፋጭነት ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። እነዚህ የቤት ሙከራዎች ጥርጣሬን ያጠናክራሉ እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይሆኑም፤ ቁርጡን የሚናገረው ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በጅምላ የሚገዛ ሰው ለእያንዳንዱ ምርት የተሠራ የምርመራ ውጤት ሊጠይቅ ይገባዋል።

በብልቃጡ ላይ ከመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 2 ቁጥር 12 የተወሰደ፣ ቆነጃጅቱ ስድስት ወር በከርቤ ዘይት ይታሹ እንደነበር የሚናገር ቃል ታትሞበታል። ቃሉ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የከርቤ ዘይት የሚዘጋጀው ሙጫውን በቅባት ዘይት ውስጥ በመዘፍዘፍ ነበር እንጂ ዛሬ ኢሴንሻል ኦይል በሚባለው መንገድ አልነበረም። ከርቤ የተዘፈዘፈበት የወይራ ወይም የሰሊጥ ዘይት ነውር የለበትም፤ ለቆዳ ማሻሻ የሚሆን ጥሩ ነገር ነው፤ በስሙና በዋጋው ይሸጥ። የተቃወምኩት ከርቤ የተዘፈዘፈበት ዘይት እንኳ ሳይሆን ንጹሕ ኢሴንሻል ኦይል ነው ተብሎ መሸጡን ነው።

ወደ ከባዱ ጉዳይ ልመለስ። አክስቴ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ኪኒንም ይወስዳሉ። ሻጩ ግን በየማለዳው በባዶ ሆድ በሞቀ ውኃ አምስት ጠብታ እንዲጠጡ መክሯቸው፣ «እማማ፣ ተፈጥሮ ነው፤ ምንም አይጎዳዎትም» ብሏቸዋል። ከርቤ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደመር ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል። ማሕፀንን ያነሣሣል ተብሎ ስለሚታመን ነፍሰ ጡሮች እንዳይወስዱት ይመከራል፤ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎችም ከእርሱ ሊርቁ ይገባል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እንኳ ከርቤን የተቀበለው በረጅም ዘመን ልማድ ላይ ተመሥርቶ፣ ለትንንሽ ቁስልና እባጭ እንዲሁም ለአፍ ውስጥ መለስተኛ ብግነት ሲሆን፣ ያም በአልኮል የተዘጋጀውን ፈሳሽ ከውጭ መቀባትና በውኃ አቅጥኖ መጉመጥመጥ ነው። በአሮማቴራፒ፣ ማለትም በመዓዛማ ዘይቶች እንክብካቤ የሚሠሩ ጠንቃቃ ባለሙያዎችም ዘይቱን ለመዓዛው በማሰራጫ መሣሪያ ይጠቀሙበታል፣ ወይም ጥቂት ጠብታ በብዙ የቅባት ዘይት አቅጥነው ቆዳ ላይ ይቀቡታል፤ ሳይቀጥን አይቀቡትም።

ዕቃው ትክክለኛ ከሆነ በጠቆረ የመስታወት ብልቃጥ መምጣት አለበት፤ ይህኛው ግን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ በአዳማ ፀሐይ በመስኮት ላይ ተደርድሮ ነበር። በላዩም የዛፉ ሳይንሳዊ ስም፣ ኮሚፎራ ሚርሃ፣ የለም፤ የአምራቹ አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥርና የተመረተበት ቀንም የሉም። ስሙ መጻፉ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም በሶማሌ ክልል ሐበክ ሀዲ የሚባለው ጣፋጭ ሽታ ያለው ሙጫ ከሌላ የኮሚፎራ ዝርያ የሚገኝ ሆኖ ሳለ አንዳንዴ ከከርቤ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል።

ብልቃጡን የገዛችሁ ሰዎች መጠጣቱን ዛሬውኑ አቁሙ፤ ለጤና ክትትል ስትሄዱም ብልቃጡን ይዛችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ደረሰኝ ከሌላችሁ የቴሌብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያውን መልእክትና የቴሌግራሙን ማስታወቂያ ፎቶ ሳይጠፋ አስቀምጡ። ሻጩ እምቢ ካለ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ስኳር ወይም ጨጓራ ያድናል ብሎ ሸጦላችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አሳውቁ። የቀረውን ዘይት አትድፉት፤ ብልቃጡ እንደተለጠፈበት፣ ክዳኑ ተዘግቶ ለምርመራ መቅረብ አለበት።