ደሴና አካባቢዋ እግሩ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ቤታችሁ ካለ ይቺን አንብቡልኝ

ምስጋና መጻፍ ብዙም አልችልበትም። ባለፈው ሳምንት ከሸዋ በር ተነስቼ ፒያሳ ድረስ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ባጃጅ ስሄድ ያየችኝ ጎረቤቴ ግን «ማን እንዲህ እንዳደረገሽ ካልነገርሽን እንታዘብሻለን» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለዚህ ያበቃችኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ማለት ነው። ስንቱ ሰው እግሩን ሰቅሎ ቤት ውሏል።

ክረምት ላይ ነው የወደቅኩት። የደሴን ቁልቁለትና ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ ከቤቴ ወርጄ አስፓልቱ ጋ ሳልደርስ ተንሸራተትኩ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ብረትና ብሎን ገባበት። ኦፕራሲዮኑን የሠሩልኝን ሐኪሞች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። ስድስት ሳምንት እንዳትረግጪበት አሉኝ፣ አልረገጥኩም። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጄሶው ሲፈታ እግሬን አይቼ አለቀስኩ። ባቴ ሟሙቶ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ደረቅ እንጨት ግትር ብሎ ቀርቷል። «አሁን መርገጥ ትችያለሽ» ተባልኩ። እንዴት እንደሚረገጥ ግን የነገረኝ የለም።

አንድ ቦታ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ ገንዘቡን ተቀበሉ። ከዚያ አልጋ ላይ አስተኝተው እግሬ ላይ አንዳች የሚነዝር ነገር ለጠፉና መጋረጃውን ስበው ሄዱ። ሰዓቱ ሲሞላ መጥተው ነቀሉት። ነገ ነይ። በነጋታውም ያው። እግሬን በእጁ ዳሶ ያየ ሰው የለም። «ልርገጥ ወይስ አልርገጥ?» ብዬ የጠየቅኩት ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ» አለኝ። ይኼንን ለመስማት ነው እንግዲህ በኮንትራት ባጃጅ የተመላለስኩት።

ሌላኛው ደግሞ የባሰ ነበር። ሰውየው እግሬን ጨምድዶ ወደ ላይ ሲገፋው ጮህኩ። «እናንተ ሴቶች ትንሽ ነገር አትችሉም» አይለኝ መሰላችሁ! አራት ልጅ ወልጄ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ዝም ብዬ ክራንቼን ይዤ ወጣሁ።

የሰፈሩም ምክር አላቋረጠም። ቅቤ እሹት፣ ለወጌሻ ውሰዷት። ወጌሻን አልንቅም፤ የአባቴን የወለቀ ትከሻ የመለሰለት ወጌሻ ነው። ብረት የገባበትን አጥንት ግን ማንም እንዲጎትትብኝ አልፈለግኩም።

ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ያገናኘችኝ ኮምቦልቻ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ፊዚዮቴራፒስቷ ገና ወጣት ልጅ ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ የተመታ መደገፊያ እንጨት፣ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ ከሚወጣው ላስቲክ የተቆረጡ ማሰሪያዎች። «ይቺ ደግሞ ምን ልታደርግልኝ ነው?» አልኩ በሆዴ።

ገብቼ ስቀመጥ እግሬን አልያዘችም። የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየች፣ የሆስፒታሉን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ «እትዬ፣ ቤትዎ ደረጃ አለው?» አለችኝ። አለው። «የሚተኙት መሬት ነው አልጋ ላይ?» አልጋ ላይ። «ሽንት ቤታችሁስ የሚቀመጡበት ነው ወይስ ቁጢጥ የሚሉበት?»

ወገኖቼ፣ ይኼንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከኦፕራሲዮኑ ሕመም በላይ ያሰቃየኝ እሱ ነበር። በአንድ እግር፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ልጄን ውጭ አቁሜ። ብዙ እንዳልመላለስ ብዬ ውሃ መጠጣት ሁሉ ቀንሼ ነበር። እሷ ግን ስለ ቡና ዋጋ የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ ነው የጠየቀችኝ። ልጄን ጠራቻትና «አሮጌ የእንጨት ወንበር አታጡም፤ መሀሉን ክፈቱትና ቀዳዳው ላይ አቁሙት። በቀኝም በግራም እጅ የሚይዝ እንጨት ግድግዳው ላይ ምቱ» አለቻት። በዚያው ቀን ማታ የሰፈር አናጺ ሠራልን። እኔ እዚያው ወንበሯ ላይ እንባዬ መጣ።

ከዚያ «ምን መሥራት ነው የናፈቀዎት?» አለችኝ። ቡና ማፍላት አልኳት። ወሎዬ ነኝ፣ ሌላ ምን ልበል? ሳቀችና ደጅ ቡና ከምታፈላው ልጅ በርጩማ ተውሳ መጣች። በርጩማ ላይ ቁጭ ለማለት ቁርጭምጭሚት ምን ያህል መታጠፍ እንዳለበት ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በረጅም ወንበር አስጀመረችኝ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ፣ ኋላ በርጩማው። አሁን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ እንግዳዬን አስተናግዳለሁ።

መርገጥ ያስተማረችኝ ደግሞ በሚዛን ነው። መንገድ ዳር ልጆች ሰው የሚመዝኑባት ሚዛን አለች አይደል፣ እሷን መሬት ላይ አስቀመጠችና የታመመውን እግሬን አስቀመጠችልኝ። «መርፌዋ እዚህ እስክትደርስ ብቻ ይጫኑ፤ ከዚህ አያሳልፉ።» በየሳምንቱ ምልክቱን ከፍ ታደርገዋለች። ቀስ ብለሽ ርገጪ ማለት ምን ያህል እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው፤ ፍርሃቴም የወጣልኝ ያኔ። ስለ ጅማቱ፣ ስለ መገጣጠሚያው ያስረዳችኝ ብዙ ነው፤ አልገባኝም፣ አልዋሽም። ደረጃውን ግን አልረሳውም፦ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው ይቅደም። ለደሴ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው፣ ከተማው ራሱ ደረጃ ነውና።

ማታ ማታ እግሬ ሲያብጥ ብረቱ የተነቀለ እየመሰለኝ እደውልላት ነበር። አንድም ቀን አልሰለቸችኝም። «እብጠቱ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ተኝተው ከልብዎ ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ባትዎን ለይቶ ካመመዎት፣ ካበጠና ከሞቀ ግን ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ» ትለኛለች። ልጄ ይኼን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች።

ነፍሷን ይማርና እናቴ ሐይቅ ከተማ ከአህያ ላይ ወድቃ እግሯ ከተሰበረ በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ እያነከሰች ነው የኖረችው። እኛ ልጆቿ የእሷ አካሄድ እንደዚያ የተፈጠረ ይመስለን ነበር። ይቺን ልጅ ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

ጉድለት ካላችሁኝ ወረፋ አለው፣ አንዳንዴ ብዙ ያስቀምጣል። ቤት የምትሰጠውን እንቅስቃሴ ካልሠራችሁም ፊቷን ታጠቁራለች፤ ፊታችሁን አይታ ታውቅባችኋለች። ክፍያዋ ግን ያ የሚነዝር ነገር ከሚለጥፉበት ቦታ ያንሳል፣ የሚከፈለውም ሲያልቅ ነው።

ሂዱላት። እናታችሁን ውሰዱላት፣ አባታችሁን ውሰዱላት። ጄሶ ከተፈታ በኋላ «ይለመዳል» እየተባለ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ይሂድላት። እጇን ይባርክልኝ፣ የወለደቻትን እናት ማህፀን ይባርክልኝ፣ ክፉ አይንካት።

ስሟን ፌስቡክ ላይ እንዳልጽፍ አጥብቃ ለምናኛለች፣ ቃሏን አከብራለሁ። ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ስትሄዱ የራጁን ፊልምና የሆስፒታሉን ወረቀት ያዙ፣ ሳታይ አትነካችሁም። ሁልጊዜ የምታደርጉትን ጫማም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለቱንም እግር።