አራት ኪሎ የእማዬን ቤት እርጥበት የሰሩልን ልጆች

ክረምት ሲገባ ግድግዳ የሚጠቁርባችሁ ሰዎች ይሄን አንብቡት። የእማዬ ቤት አራት ኪሎ ነው፣ ምድር ላይ፣ የጓሮው ግድግዳ አፈር ስለተደገፈ ሐምሌ ላይ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ወገብ ድረስ ይረጥባል። አምና አንድ ቀለም ቀቢ ጠርተን በእርጥቡ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ሻጋታ አያስይዝም ያለውን ቀለም ቀባበት፣ ክረምቱ ሳይወጣ አብጦ ተላጠ ከስሩ ያው ጥቁሩ ሻጋታ። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም እንደሚላጥ ባለሙያ የተባለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ዘንድሮ የመጡት ልጆች ግን ቀለም ይዘው አልመጡም። ፎርማኑ መጀመሪያ ጓሮ ሄዶ አሸንዳውን አየ፣ ተቀዶ ውሃውን ቀጥታ ግድግዳው ስር ነው የሚያፈሰው። "ማዘር፣ አሁን ብቀባልዎት ብርዎትን መብላት ነው፣ መጀመሪያ ውሃው ይቁም" አላት። አሸንዳውን ቀየሩ፣ ጓሮውን ቆፍረው ውሃው ወደ ውጪ እንዲሄድ አደረጉ፣ የረጠበውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አራገፉና እስኪደርቅ ሳንቀባው እንድንቆይ ነገሩን።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የሳሎኑ ነገር ነው። ሳሎን ፒቪሲ ነው የተነጠፈው፣ ሁልጊዜ የሆነ ሽታ አለው፣ እማዬ ዕጣን ታጨስበታለች። ሻጋታ ይመስለን ነበር ግን የሻጋታ ሽታ አፈር አፈር ነው የሚለው ይሄኛው ጣፈጥ ብሎ አፍንጫ የሚይዝ ነው። ልጁ ጥግ ላይ ፒቪሲውን ገልጦ አሳየን፣ ማጣበቂያው ጣት ላይ እየተሳበ ይመጣል፣ ሻጋታ ግን የለም። ከዛ ባዶው ኮንክሪት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው፣ በነጋታው ከላስቲኩ ስር ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ አየነው። ወለሉ እርጥብ ነው ማለት ነው። እርጥብ ኮንክሪት ውስጥ ያለው አልካሊ (ከሲሚንቶው የሚመጣ የሚበላ ኬሚካል) ፒቪሲውን የሚያለሰልሰውን ኬሚካልና ማጣበቂያውን ያፈራርሰዋል፣ ከዛ 2-ኢታይልሄክሳኖል የሚባል ነገር ወደ አየር ይተናል፣ ሽታው እሱ ነው። ኮንክሪቱም ስለሚጠጣው ንጣፉ ከተነሳ በኋላ ወዲያው አይለቅም፣ መስኮት ከፍቶ መታገስ ነው። አሁን ሊሾው ባዶውን ነው ያለው፣ ሽታው ግን በጣም ቀንሷል።

የቺፕውድ ቁምሳጥኑንም ከእርጥቡ ግድግዳ አንሱት ብለውናል፣ ልክ ናቸው። ቺፕውድ የሚጣበቅበት ሙጫ ፎርማልዲሃይድ አለው፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ የበለጠ ይለቃል፣ ፎርማልዲሃይድን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያው እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስም ጋር እንደሚያያዝ ጽፏል፣ እማዬ አስም አለባት ለዛ ነው እንዲህ የማካብደው።

ከ5 4 ነው የምሰጣቸው። አንዱን የቀነስኩት ልስኑን ሲያራግፉ የመኝታ ቤቱን በር በላስቲክ ስላልሸፈኑትና ሻጋታው ያለበት አቧራ አልጋው ድረስ ስለገባ ነው፣ ልጆቹ ራሳቸውም ያለ ማስክ ነበር የሚሰሩት። ከጠራችኋቸው ሥራ ሳይጀመር ስለነዚህ ሁለቱ ነገሮች ጠይቋቸው።