ለሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶች፣ እግዜር ይስጥልን

እናቴ በማህፀን ጫፍ ካንሰር አርፋለች። አርባዋም ወጣ። ይህን የምጽፈው ውለታ ስላለብኝ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚያስታምመው ሰው ላለም ይጠቅም ይሆናል።

ሀኪሞቹ «ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት» ሲሉን ሁሉም ነገር ያበቃ መሰለን። ሆስፒስ ኢትዮጵያን የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. በአንዲት ነርስ የተመሠረተ ድርጅት ነው። ነርሶቹ ቤት ድረስ መጥተው ያክማሉ። ከእኛ አንድም ብር አልተቀበሉም።

መጀመሪያ የያዙት ህመሙን ነው። የሚጠጣ ሞርፊን ታዘዘላት። አክስቴ «ሱስ ሆኖባት ቢቀርስ?» ብላ ፈራች። ሲስተር አልተቆጣችም። አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ለህመም በሀኪም ትእዛዝ በልኩ የሚሰጥ መድኃኒት ከሱስ እንደሚለይ አስረዳቻት። ከዚያ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ልኩን እየቀዳች አሳየችን። በየ4 ሰዓቱ ነው፤ ህመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻም አብሮ ተሰጣት። ስታቃስት የምታነጋው እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት። ቡናም አማራት!

ሌላው ውለታቸው ግን ይበልጥብኛል። በአገራችን ልማድ ለበሽተኛ እውነቱ አይነገርም። ሲስተር ግን የእናቴን እጅ ይዛ «እማማ፣ ስለ ህመምዎ ማወቅ ይፈልጋሉ?» አለቻት። እናቴ «አውቀዋለሁ እኮ ልጄ፤ እነሱ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። ወንድሜ ቦታውን ሸጦ ህንድ ሊወስዳት ያስብ ነበር። «ተው፣ ልጆችህን አሳድግበት» አለችው። ትንፋሿ ሲከብድ ወደ ሆስፒታል እንዳናሯሩጣት፣ ማሽን ላይም እንዳትሆን ለመነችን። የንስሐ አባቷ መጡላት። አእምሮዋ ሳይደክም ቆረበች። ነጠላዋን ለማን እንደምትሰጥ ሳይቀር ተናገረች። ይህን ሁሉ ከራሷ አፍ ባንሰማ ኖሮ ዛሬ በዚህም በዚያም ስንጨቃጨቅ እንኖር ነበር።

መጨረሻው ሲቀርብም ምን እንደምናይ ቀድመው ነግረውን ነበር። ውሃ በግድ እንዳናጠጣት፣ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ እንድናርስላት አሳዩን። እንዳለችው ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ አረፈች።

በሽተኛ ያላችሁ፣ የመጨረሻዋን ሳምንት አትጠብቁ። ህመሙ ሲጀምር ሀኪማችሁን ስለ ፓሊየቲቭ ኬር፣ ማለትም ስቃይን ስለሚያስታግስ እንክብካቤ፣ ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያን አነጋግሩ። የበሽተኛችሁን የምርመራ ወረቀቶችና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ሲስተሮች፣ እናቴን ከስቃይ አሳርፋችኋታል። እድሜና ጤና ይስጣችሁ።