የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፣ የበረዶ ጨዋታ መጽሐፍ ብላችሁ ብር እንዳትልኩ

በቴሌግራም «በበረዶ የሚጫወቱ ልጆች፣ በአማርኛ፣ ጠንካራ ሽፋን፣ 8 መጻሕፍት በ2,400 ብር» የሚል ማስታወቂያ ያያችሁ ካላችሁ ብራችሁን ያዙ። እኔ ተበልቻለሁ።

ፎቶው አማለለኝና ሙሉውን አስቀድሜ በቴሌብር ላክሁ። በአራተኛው ቀን ዕቃው በአውቶቡስ መጥቶ መናኸሪያ ተቀበልሁ። ፌስታሉን ስፈታው 5 ብቻ ናቸው፣ ጠንካራ ሽፋን የተባለውም በስቴፕለር የተመታ ስስ ወረቀት። የልጆች የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ የእነዚህ ትልቁ 16 ነው። አንዱ ላይ ልጁ መንሸራተቻውን እየጎተተ ዳገት ይወጣል፤ ገጹን ስትገልጡት ቤት ገብቶ ሻይ ይጠጣል። መንሸራተቱስ? የኔ ልጅ የጠበቀው እኮ እሱን ነበር።

ቀለሙ ይባስ። የበረዶ መጽሐፍ ነጩ ከጠፋ ምን ይቀረዋል? ሁሉም አመድማ ሆኖ የ5 ዓመቱ ልጄ «አባዬ፣ ሲሚንቶ ላይ ለምን ይተኛሉ?» አለኝ። የተኙት በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጅና እግራቸውን እያወናጨፉ በረዶው ላይ የመልአክ ቅርጽ ሊያወጡ ነው። ከሥሩ ግን «የበረዶ መላእክት ወደቁ» ተብሎ ተጽፏል፤ ማሽን የተረጎመው መሆኑ ያስታውቃል። ደግሞ ደሴ ላደገ ልጅ በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። የመጽሐፉ በረዶ ግን እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆኑን የሚነግር አንድ መስመር የለም፤ «ራሳቸውን አያማቸውም?» ሲለኝ አመሸ።

ጀርባቸውን ሳይ አምስቱም ላይ ያለው ባርኮድ አንድ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ነው የሚኖረው።

ሻጩ ጋ ስደውል «ፎቶው ለናሙና ነው» አለ። ደረሰኝ ስለው «እኛ ኦንላይን ነን»። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል ብዬ ጻፍሁለት፤ ብሎክ አደረገኝ።

የግድ በስልክ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ መጽሐፉን ከፊት እስከ ኋላ እየገለጠ በቪዲዮ ያሳያችሁ፤ ዕቃው እጃችሁ ሳይገባም አትክፈሉ። ካልሆነ ፒያሳ ወርዳችሁ በእጃችሁ ገልጣችሁ ግዙ፤ ምርጫው ጥቂት ቢሆንም ገጹን ቆጥራችሁ ነው የምትወስዱት።

ሰኞ ጠዋት ንግድ ቢሮ ልሄድ ነው። እንደኔ የተበላችሁ ካላችሁ፣ የከፈላችሁበትን የቴሌብር መልእክት ሳታጠፉ ያዙና አብረን እንሂድ።