ምስጋና፦ የሃይሉክሴን ኮምፒውተር ላስተካከለልኝ ለአዘዞ መንገዱ ልጅ

ባለፈው ሳምንት የእንግዳ ሻንጣና ድንኳን ጭኜ ከደባርቅ ወደ ጨነቅ ስወጣ አንድም ጊዜ ለጢስ ብዬ የኋላ መስታወት አላየሁም። ይሄ ምን ያስጽፋል ትሉ ይሆናል። ለእኔ ያስጽፋል፤ አንድ ዓመት ሙሉ አቀበት በጀመርኩ ቁጥር ዓይኔ መስታወቱ ላይ ተተክሎ ነው የኖረው፤ ከኋላዬ የሚግተለተለው ጥቁር ጢስ ቀነሰ ወይስ ባሰበት እያልኩ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ አየር ልቀበል ብሎ ከስንት አገር የመጣ እንግዳ በእግሩ ሲሄድ ጥቀርሻ አልብሳችሁት አልፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። እጁን አፍንጫው ላይ አድርጎ የሚያያችሁ አስተያየት ከቅጣት ይብሳል።

መኪናዬ የ2010 ሞዴል ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ናት። ባለ 3,000 ሲሲ ናፍታ፣ ኮፈኗ ላይ አፍንጫ ያላት፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 163 የፈረስ ጉልበት የተሰጣት። የልጆቼ እንጀራ ከእሷ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በራሴ ስግብግብነት ነው። አምና ጉልበት አነሰኝ ብዬ፣ ለሥራ በሄድኩበት ሌላ ከተማ «የመኪናን ኮምፒውተር ከፍተን ጉልበት እንጨምራለን» የሚል ቤት ገባሁ። የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ሰውየው ከመሪው ሥር ላፕቶፑን ሰካ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፣ «30 በመቶ ጨምሬልሃለሁ» ብሎ ብሩን ቆጥሮ ተቀበለ። መኪናዋ ምን እንደምትጭን፣ የት እንደምትሠራ አልጠየቀኝም። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ሜዳው ላይ በረረች፤ እኔም እንደ ጎረምሳ ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ጎንደር ገብቼ የኮሶዬን አቀበት እስክጀምር ነው። መጀመሪያ ጢስ መጣ፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ በሁለተኛው ወር ደግሞ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። ስደውልለት «ናፍታህ ነው» አለኝ። እሺ፣ የፋብሪካውን መልስልኝ ስለው፣ «ኦርጅናሉ አልተቀመጠም» አለ። ቁርጥ ያለ መልስ ነው፤ ሌላ ቀን ስልክ አላነሳም።

እዚህ ከተማችን ሁለት ጋራዥ ዞርኩ። ሁለቱም ስካነር ሰኩ፣ ሁለቱም «ኮድ የለም፣ መኪናህ ጤነኛ ናት» አሉኝ። አንደኛው ግን ጤነኛ ናት ካለ በኋላ ፖምፓውን እናውርደው አለ። ጤነኛ ከሆነች ለምን ይወርዳል? ይህን ብጠይቀው «ለማንኛውም» አለኝ።

ወደ ልጁ የላከኝ የባለቤቴ ወንድም ነው፤ የባሕር ዳር መስመር አባዱላ ይነዳል። «ሂድ፣ ግን አትቸኩል፣ ልጁ ቶሎ አይነካም» አለኝ። ቤቱ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ላፕቶፑ ማጠፊያው ተሰብሮ በዘይት ጣሳ ተደግፎ የሚቆም። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሳይ ልመለስ ነበር፤ አልዋሽም።

ልጁ መኪናዋን ከማየቱ በፊት እኔን ነው የጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የት የት ነው የሚሠሩባት?» ነገርኩት። «ናፍታ ከየት ይቀዳሉ?» ከተገኘበት አልኩት፤ ሲጠፋ በጄሪካንም ቢሆን። ፈገግ አለ። «ጉልበት ልሸጥልዎ እችላለሁ። ግን መጀመሪያ የጠፋውን ልፈልግልዎ፤ ካለበለዚያ የራስዎን ነው መልሼ የምሸጥልዎ» አለ። በዚያ ቀን ኮምፒውተሩን አልነካም። ላፕቶፑን ረዳቱ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ በወለቃ በኩል እስከ ኮሶዬ በእኔ ነጂነት ወጣን።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ። ስካነር የሚያሳየው ኮድ ማለት ኮምፒውተሩ ራሱ ችግር ነው ብሎ የመዘገበው ነገር ነው። ያልመዘገበው ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ልጁ የሚያየው መኪናዋ እየሄደች ያለውን ቁጥር ነው፤ ሁለት መስመር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ኮምፒውተሩ «ይህን ያህል አየር ይምጣ» ብሎ ያዘዘው፣ ሌላው ቱርቦው፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ማለት ነው፣ በእውነት ያመጣው። አቀበቱ ላይ ነዳጅ ስረግጥ የታዘዘው መስመር ሽቅብ ሄደ፤ የመጣው ከሥር ቀረ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው እንግዲህ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ሲጨስ የኖረው።

ለምን ይህ ክፍተት እንደመጣ ሲያስረዳኝ የገባኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ጠረፍ አገር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛው ጎድሎታል። ጨነቅ፣ ከ3,600 ሜትር ላይ፣ ሲደረስ ሲሶው የለም። ያ የሌላ ከተማ ሰው የጫነብኝ ፋይል፣ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር የሚሠራበት የትእዛዝ ዝርዝር፣ ከኢንተርኔት የወረደ፣ ቆላ ላይ ለሚነዳ መኪና የተጻፈ ነው። ቱርቦውን «ብዙ አየር አምጣ» ይለዋል፣ ኖዝሎቹን ደግሞ «አየሩ መጣም አልመጣም ናፍታ ርጩ» ይላቸዋል። ቱርቦው ከሳሳ አየር ያንኑ ግፊት ለማውጣት ከመጠን በላይ መሽከርከር አለበት፤ ያልቻለው ቀርቶ ናፍታው ብቻውን ይቀራል። አየር ያላገኘ ናፍታ ጥቀርሻ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ወደ ፒስተንና ወደ ቱርቦው ይሄዳል፤ እሱን ማንም አያየውም፣ ሞተር ሲወርድ ብቻ ነው የሚታየው።

በነገራችን ላይ ይሄ የቱርቦና የከፍታ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ፋይሉ እስኪነበብ ስንጠብቅ ልጁ ያጫወተኝን አልረሳም። በፈረንጆቹ 1918 ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ፓይክስ ፒክ የተባለ 4,300 ሜትር የሚሆን ተራራ አናት ድረስ ወጣ፤ የኛ ቧሂት ትከሻ ላይ እንደማለት ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። «ተራራ የሚወስደውን የሚመልሰው ቱርቦ ነው፤ የሱን ጉልበት ለሌላ ነገር ካባከንነው ግን ለተራራው ምን ይቀራል?» አለኝ። ይህን የሚያወራ ልጅ እጁ እስከ ክንዱ ግራሶ ነው።

በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቶ ፍለጋ ገባ። የቱርቦውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ወደ ሞተሩ የሚገባው የጎማ ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ሞተሩ ቆሞ ሲያዩት ደህና ነው፤ ግፊት ሲመጣበት ብቻ ይከፈትና ያፈሳል። ከመጠን በላይ የታዘዘው ግፊት ራሱ ነው የቀደደው ብሎ ያምናል፤ እኔም አምናለሁ። የናፍታ ፊልትሮውን አውርዶ ያለውን በብርጭቆ ጠርሙስ ገለበጠና ትንሽ ቆይቶ አሳየኝ፤ ውሃው ከሥር ተኝቷል። የጄሪካን ናፍታ። የሚገባውን አየር የምትለካዋ ሴንሰርም አቧራ ለብሳ ነበር፤ በስፕሬይ አጠባት። አንዱ ኖዝል ከሌሎቹ ትንሽ ለየት ይላል፣ ግን ገና ለመለወጥ አልደረሰም፣ «ከስድስት ወር በኋላ እንየው» አለ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የገባው። ኖዝል ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ እከፍል ነበር።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ መጣን። የሞተሩን ኮምፒውተር ቁጥር አይቶ ከዚያው ቁጥር ጋር አንድ የሆነውን የፋብሪካ ፋይል አገኘ። ሊጽፈው ሲል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ምን ቸገረህ ስለው አልሰማኝም። የመኪናውን ባትሪ ሙሌት የሚጠብቅለት ቻርጀር ከሌለ አይጽፍም፤ ጽሑፉ መሃል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራልና። «ነገ ይምጡ» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ እንግዳ ቀጠሮ ነበረኝ። አሁን ሳስበው ትክክል ነበር፤ ያኔ ግን በልቤ ብዙ ብየዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ጻፈልኝና «በፋብሪካው ፋይል ሦስት ቀን ይንዷት» አለኝ። ነዳሁ። ጢሱ የለም፣ ሙቀቱ የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ ምንም እንዳይጨምርብኝ ልነግረው ወስኜ ነበር። እሱ ግን ዝርዝሩን አሳየኝና ምርጫው የኔ እንዲሆን ተወው፦ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,500 ዙር በታች ሲሆን፣ ጭኜ ዳገት ስጀምር በምፈልገው ቦታ ላይ ብቻ፣ ከ10 በመቶ የማይበልጥ ይጨምራል፤ ናፍታውን ከገባው አየር ጋር የሚያስረውን ገደብ አይነካም፤ የቱርቦውንም ጣሪያ አያነሳም። እሺ አልኩ። ከጻፈው በኋላ እንደገና ኮሶዬ ድረስ ወጣን። ሁለቱ መስመሮች በዚህ ጊዜ እንደ መንትያ አብረው ነው የሄዱት። ስንመለስ ፍላሽ ሰጠኝ፤ ውስጡ የፋብሪካው ፋይልና እሱ የጻፈው አሉ። «ይሄ የእርስዎ ንብረት ነው፣ ሌላ ቦታ ቢሄዱ ይዘው ይሂዱ» አለኝ። አሁን ቤት ከሊብሬው ጋር ተቀምጧል።

ውጤቱን በቁጥር ለምትፈልጉ፦ ደባርቅ ደርሶ መልስ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጭነት ይዤ 29 ሊትር ትወስድብኝ ነበር፤ አሁን 23 እና 24 መካከል ናት። ይህን የኮምፒውተሩ ሥራ ነው ብዬ ላሞግሰው ስል ራሱ አቋረጠኝ፤ «አብዛኛው የቱቦውና የፊልትሮው ነው» አለ። ፍሪሲዮኑ ግን አልዳነም፤ እሱን ለወጥኩት፤ የሩብ ሰዓቷ ሥራ ዋጋ መሆኑ ነው።

ቤቱ ስመላለስ ያየኋቸውን ሌሎች ሰዎችም ላንሳ፤ እኔ ብቻዬን እድለኛ ሆኜ እንዳይመስል። አንዲት እህት በቪትዝ መጣች፤ ፍጥነት እንዲጨምርላት። ቱርቦ የሌላት የቤንዚን መኪና በፋይል የምታገኘው ጉልበት እግሯ እንኳ እንደማይሰማው ነገራት፤ ካንዴላ ለወጠላት፣ የአየር መግቢያውን አጠበላት፣ ሸኛት። ሌላ ወጣት ከመሪ ሥር የሚሰካ «ነዳጅ ቆጣቢ» የተባለ እቃ ገዝቶ መጣ። ልጁ ዝም ብሎ በቢላ ከፈተው፤ ውስጡ ብልጭ ድርግም የምትል አምፖልና አንዲት ቺፕ፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያወራበት ሽቦ የለውም። የወጣቱ ፊት አሳዘነኝ። ከሁሉም ያሳቀኝ ግን የድሮ አይሱዙ ይዘው የመጡ አባት ናቸው፤ «የኔንም ኮምፒውተር ክፈትልኝ» ሲሉት በአክብሮት «አባቴ፣ የእርስዎ መኪና ኮምፒውተር የላትም፣ ፖምፓዋ በእጅ የሚስተካከል ነው» አላቸው። «ታዲያ ምን ትሠራለች ያለ ኮምፒውተር?» ብለው ተቆጡ። እስካሁን ስትሠራ የኖረችውን ነዋ።

አሁን ደግሞ ነቀፋዬን። ቀጠሮ ላይ ልጁ ደካማ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለ አምስት ሰዓት ብላችሁ ያዙት። ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም። መቀመጫ የለውም፣ ጎማ ላይ ነው የምትቀመጡት። የጢስ ማጣሪያ ያለውን አዲስ መኪና ማጣሪያውን አጥፋልኝ ብላችሁ ብትሄዱ ይመልሳችኋል፤ በዚህ ተጣልቶ የሄደ ደንበኛ አይቻለሁ። ዋጋውን እሱ ይንገራችሁ፤ የኔ ግን ፍተሻው፣ ሁለቱ የመንገድ ሙከራ፣ ቱቦው፣ ፊልትሮውና ፋይሉ ተደምሮ ያኔ ለሩብ ሰዓት ከከፈልኩት አነሰ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ ላይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ወረፋው አሁንም አልተቻለም። የጥምቀት እንግዳ ከመግባቱ በፊት መኪናውን ማሳየት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ስትሄዱ የናፍታ ታንካችሁ ከግማሽ በላይ ይሁን፣ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ ሂዱ፤ ባዶ መኪና አይፈትሽም። አምስት ሰዓት ሆኖ ካልመጣ ግን እኔ ጋ እንዳትደውሉ፣ እኔም ጎማው ላይ ተቀምጬ ነው የጠበቅሁት።