ሦስተኛ ጅምር የማይሸጥ ክር ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ ክር የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። "አሁንስ አልሸጥልሽም" የሚል ሱቅ ግን እኔ የማውቀው አንድ ነው። በሩ ላይ ስም የለውም፤ ደንበኛው ሁሉ "እትዬ ቤት" ነው የሚለው። በገበያው በኩል ልብስ ሰፊዎች ከተደረደሩበት መስመር ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ግማሹን ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይዞታል። በቀረው ግማሽ አንድ ረጅም ጠረጴዛና በእግር የምትሠራ አሮጌ ሲንጀር አለች።

ስለ ክሩ ብቻ ቢሆን ሁለት መስመር ይበቃኝ ነበር። ዋጋው እንደ ሌላው ነው፣ ምርጫው እንዲያውም ከሌላው ያንሳል። ሰው የሚመላለሰው ለአሠራሩ ነው።

ገና ስትገቡ እትዬ ምን ቀለም እንደምትፈልጉ አይጠይቁም። "ቤት ውስጥ ምን ጅምር አለሽ የኔ ልጅ?" ነው የሚሉት። ደብተር አላቸው። ሹራቡንም፣ ዳንቴሉንም፣ ተቆርጦ ያልተሰፋውን ጨርቅም አንድ በአንድ ያስቆጥሯችኋል። ከዚያ ሁለት ይመረጣል፤ አንዱ ልብ የሚፈልግ፣ ሌላው ቡና ላይ ወሬ እየሰሙ የሚሠራ። የቀረው እሳቸው ጋ ይቀራል። በጨርቅ ከረጢት ይታሰርና ካርቶን ተንጠልጥሎበት ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ይሰቀላል። ከሁለቱ አንዱ ሳያልቅ ለሦስተኛ ሥራ ክር የለም። ብትለማመጡም የለም። "ሁለት ባላ ትከል ነው የተባለው፤ ሦስት ያለ ሰምተሻል?" ይላሉ፣ ያበቃል።

በዚህ የሚያኮርፍ ደንበኛ አለ። ወጥቶ ከጎን ሱቅ ይገዛል፣ መብቱ ነው። እኔ ግን ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷቸዋል ባይ ነኝ። ጅምር የሚያበዛብን አዲሱ ክር ነው። አንድ እጅጌ የቀረው ሹራብና ገና ያልተነካ ክር ጎን ለጎን ቢቀመጡ እጃችን ወደየትኛው እንደሚሄድ የታወቀ ነው። መፍታትም እንደ መጨረስ ይቆጠራል፤ አላምር ያለውን ሥራ ፈትታችሁ ክሩን ጠቅልላችሁ ካመጣችሁ ከደብተሩ ይሰረዛል። ይሄ ብቻውን ስንቱን ሰው ገላግሏል መሰላችሁ!

ካርቶኗ ላይ የሚጻፈው ነገር ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ይጠቅማል። "ሰማያዊ ሹራብ" ብሎ ነገር የለም። የቀረው ተዘርዝሮ ይጻፋል፦ ግራ እጅጌ፣ አንገት፣ የተንጠለጠለ ክር መደበቅ፣ ቁልፍ መትከል። የመርፌው ውፍረት በሚሊሜትር፣ የቆማችሁበት ረድፍም ይገባበታል። ሥራ ወራት አድሮ ሲነሳ እጅ ይለወጣል። አምና አጥብቆ የሠራ ዘንድሮ አላልቶ ይሠራል፣ ሁለቱ እጅጌዎችም አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነው ያርፋሉ። ስለዚህ እትዬ እጅጌና ካልሲ የሚያሠሩት ሁለቱን አንድ ላይ ነው፤ ሁለት ጥቅል ክር ይዞ፣ ከዚህ ጥቂት ረድፍ ከዚያም ያንኑ ያህል። መጀመሪያ ላይ ክሩ እየተጠላለፈ ያናድዳል። ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላውም አለቀ ማለት ነው፣ ለሁለተኛው ካልሲ አዲስ ወኔ መፈለግ ቀረ።

የመርፌው ነገርም አለ። ብዙ ሹራብ የሚሞተው መርፌውን ለሌላ ሥራ ስንነጥቀው ነው። ዳንቴል እዚህ ላይ ይሻላል፣ በኪሮሽ ስትሠሩ ክፍት የሚሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ እሱን በመርፌ ቁልፍ ይዞ ማሳደር ይቻላል። ሹራብ ግን ረድፉ በሙሉ መርፌው ላይ ነው ያለው። መርፌውን ሳብ ካደረጋችሁት መተርተር ይጀምራል። እትዬ ጋ የሚሰቀል ሹራብ ሁሉ ቀለሙ በሚለይ ትርፍ ክር ላይ ይተላለፍና መርፌው ለባለቤቱ ይመለሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው ለሁሉም ክፍት ነው። ትንሽ ነገር ይከፈልና ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ተቀምጦ መሥራት ነው። የቤት እመቤቶች ይመጣሉ፣ ከዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ተማሪዎችም ብቅ ይላሉ፣ አንዳንዴ ሹራብ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር አለ፤ የእሱን ጥራት ብታዩ ታፍራላችሁ። ስፌት ያላቸው ሲንጀሯን በሰዓት ይከራያሉ። መብራት ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ሲቆም እሷ ትሠራለች፣ ለዚህ ብቻ እንኳን ልስማት ያሰኛል።

ስፌት ላይ ያላቸው ደንብ ሌላ ነው። ሥራ በልብስ አይከፋፈልም፣ በእጅ ሥራው ዓይነት ነው የሚከፋፈለው። መቁረጥ ካላችሁ የሁሉንም ልብስ በአንድ ቀን ትቆርጣላችሁ። ጥቁር ክር የተገጠመ ቀን ጥቁር የሚፈልገው ሁሉ ይሰፋል፤ የሱሪው ጠርዝ፣ የቦርሳው ማንገቻ፣ የባልየው የተተረተረ ኪስ ሳይቀር። ክር መቀያየርና ካውያ ማሞቅ ብቻ ስንት ሰዓት ይበላ እንደነበር የሚገባችሁ ያኔ ነው። ጥጥ ጨርቅ ደግሞ ሳይታጠብ ወደ መቀስ አይቀርብም፣ ከተሰፋ በኋላ ስለሚሰበሰብ። ሰው ሠራሽ ክር ላይ የጋለ ካውያ እንዳታሳርፉም ይቆጣጠሯችኋል፤ አንዴ ከለሰለሰ ቅርጹ አይመለስም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ለደንበኛ ክር ለይተው አያስቀምጡም፤ ያለው ሲያልቅ አለቀ ነው። ለብርድ ልብስ የጀመርኩት አረንጓዴ መሐል ላይ አለቀና የሰጡኝ ሌላ ጥቅል ሱቁ ውስጥ አንድ ዓይነት መስሎ ደጅ በፀሐይ ሲታይ ሌላ አረንጓዴ ሆነ። ክሩ የታሰረበት ወረቀት ላይ የቀለሙ ስም ብቻ ሳይሆን የተነከረበት ዙር ቁጥርም አለ፣ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ትንሽ ይለያያል። ይህን ሻጭ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። መፍትሔውን ያሳዩኝ በኋላ ነው፦ ከአሮጌው ሁለት ረድፍ፣ ከአዲሱ ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ መሄድ። ልዩነቱ ተበትኖ ይጠፋል፣ ጠፍቶልኛልም። ግን በደብተራቸው የጅምሮቼን ቁጥር የሚይዙትን ያህል የክሩንም ቁጥር ቢይዙ ምን አለበት?

መቀመጫው ዱካ ነው፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ትራስ ይያዝ። መስኮቱ አንድ ስለሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ ጥቁር ክር መሥራት ዓይን ማጥፋት ነው። ሲንጀሯ ቀጥ ያለ ስፌት እንጂ ጠርዝ አትሸፍንም፤ ለእሱ ጎረቤት ሰፊ ጋ መላክ አለባችሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ስለሆነ ያስጠብቃችኋል። በክረምት መግቢያው ጭቃ ነው። ወሬው እንዳለ ነው፣ ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ ሐይቁ ዳር ወንበር ፈልጉ።

ቀነ ገደብ ላይ ግን እትዬን የሚያህል አላየሁም። ካርቶኗ ላይ መጨረሻ የሚጻፈው ሥራው የሚፈለግበት ቀን ነው። የሕፃን ሹራብ ከሆነ ቀላል ነው፤ ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፣ ከልደቱ ጀምሮ ይቆጥራሉ። ሀበሻ ቀሚስ ከሆነ ጥር 11 ይጻፍና ከሥሩ ምንም አይጨመርም፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን ማንም ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጥሩ እሁድንና ወርኃዊ በዓላትን ይቀንሳሉ። 12፣ 21፣ 23፣ 27፣ 29 እያሉ ሲያወጡ "ሁለት ወር አለኝ" ያላችሁት ሰዎች ያላችሁ ቀን ስንት እንደሆነ ታያላችሁ። በዓል የማታከብሩም ብትሆኑ ሱቁ በእነዚያ ቀናት ዝግ ነው፣ ስለዚህ ያው ነው።

ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። ሥራው ራሱ የሚያዝናናው፣ አለቀ አላለቀ ግድ የማይሰጠው ሰው አለ። ጓደኛዬ እንደዚያ ናት፤ ስድስት ቦርሳ ሙሉ ጅምር አላት፣ በሰላም ነው የምትኖረው፤ እዚያ ብወስዳት ከእትዬ ጋ ትጣላለች። ትልቅ የጠረጴዛ ዳንቴል የምትሠሩም ብዙ አትጠብቁ። በአራት ማዕዘን የተሠሩትን ቁርጥራጮች መጨረሻ ላይ ከመገጣጠም እየሠሩ ማያያዝ እንደሚሻል ይነግሯችኋል፣ እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ሙያቸው ሹራብና ስፌት ነው። የዳንቴል ቀጫጭን ኪሮሽም የላቸውም።

የምትሄዱ ከሆነ ክሩ የታሰረበትን ወረቀት፣ የራሳችሁን መቀስና ሜትር ያዙ። በቴሌብር ይቀበላሉ። ሲንጀሯን የሚያገኛት ዓርብ ደውሎ ያስያዘ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቦታ ግን ቀድሞ የደረሰ ነው የሚይዘው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ከመጣችሁ በሩ ላይ ካለችው ዱካ ሌላ አታገኙም።